አርባው ካሬ ካለቀ በኋላ

ሰኔ 5

ለጋሼ፣

አንተም እማማም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከእርጥበቱ በቀር ደህና ነኝ። ካልሲዬ ከደረቀ ወር አልፎታል።

ወረቀትህ ደርሳኛለች። የስንቅ መኪናው ሾፌር ከዱቄቱ ጆንያ አናት ላይ አንስቶ ሲሰጠኝ «ጋሼሽ ሦስት ቃል ጽፎልሻል፤ ቀለም አልቆበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሦስት ቃል ናት። መልሷ ግን በሦስት ቃል አያልቅም። ሰኔ 8 እቤት እገባለሁ ብዬህ ነበር። አልገባም። ይቅርታ አድርግልኝና አንድ ወር ጨምርልኝ።

ውላችንን አልረሳሁትም። ሁለት ዓመት አንተ ከባድ መኪናህን ይዘህ መንገድ ላይ፣ እኔ ከእማማ ጋር ቤት። ይህ ሥራ ሲገኝ ደግሞ ስምንት ሳምንት አንተ ቤት፣ እኔ ደን። «ስምንት ሳምንት ምን አላት፣ አንድ ረጅም ጉዞ ናት» ያልከኝ አንተው ነህ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ አታውቅም። «ቀንድ አውጣ ልትቆጥሪ?» ብለህ ሆድህን ይዘህ ከሳቅህ ወዲህ ማለቴ ነው። ለምን እንደዘገየሁ እንዲገባህ ልንገርህ። ይህ ጥብቅ ደን አራት ዓይነት ቦታ አለው፦ ፀሐይ የማይገባበት ጥቅጥቁ ደን፣ የወንዙ ዳር፣ ድሮ ሰው የተከለው ጥድ፣ እና ጫፍ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል። በእያንዳንዱ አሥር አሥር ካሬ በችካልና በሲባጎ እከልላለሁ። አርባ ካሬ መሆኑ ነው። ከዚያ ተንበርክኬ የበሰበሰውን ቅጠል አፍሳለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ ግንድ እፈትሻለሁ። ትልልቆቹን ቀንድ አውጣዎች ማንም ያያቸዋል። አብዛኞቹ ግን ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ፤ በወረንጦ አንስተህ በአጉሊ መነጽር ካላየሃቸው አሸዋ ናቸው ብለህ ትደፋቸዋለህ። በሕይወት ያለውን ለብቻ፣ ባዶ ቅርፊቱን ለብቻ በብልቃጥ አደርግና የተገኘበትን እጽፍበታለሁ። በሳምንት ከአራት ካሬ በላይ ልግፋ ብል ዓይኔ እምቢ ይለኛል። አሥራ አንድ ቀርቶኛል።

እማማ ትበላለች? ትተኛለች? ስሜን ታነሳለች? ገላዋን ማን እንደሚያጥባት ሳስብ ፊቴ ይቀላል።

አክባሪህ እህትህ


ሰኔ 20

ለቁንጫዬ፣

በመጀመሪያ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ አሸዋና ስለ ሰሊጥ አስተማርሽኝ። ሁለተኛ፣ ፊደሌ ተጣሞ ካየሽ እንዳትስቂ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኜን በር መታኝ። ቀላል ነገር ነው።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። ትበላለች፣ ማንኪያውን እኔ ከያዝኩላት። ትተኛለች፣ እኔ ልነሳ ስል። ስምሽን ታነሳለች፣ ግን ስምሽን የሰጠችው ለእኔ ነው። ትናንት «አንቺ ልጅ ጢምሽን ተላጪ» አለችኝ። በሳቅ ልሞት። ገላዋን የምታጥባት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እኔን እማማ «ወንድ ልጅ አያጥበኝም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በሳምንቱ መሀል የሚሆነውን ግን አልጽፍልሽም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

እኔ እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመት መሪ ስጨብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬም ቢሆን ከፊቴ መንገድ ነበር። አሁን ከፊቴ ያለው ቁም ሳጥን ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው አራት። ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ካልቆለፍኩ ወጥታ ትሄዳለችና። ባለፈው አደባባዩ ጋ መኪና መሀል ቆማ ነው ያገኘኋት። እሷን ቆለፍኩ እላለሁ፤ ግን እኔስ በየት በኩል ነው ያለሁት?

ይህን ላንቺ ለማለቃቀስ አልጻፍኩትም። የስምሪት ኃላፊው አዲሱን ባለ ተሳቢ መኪና እስከ ሐምሌ 30 እይዝልሃለሁ ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣዎቹን ትንሽ ፈጠን በሉ በያቸው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 4

ለጋሼ፣

እጅህ ምን ሆኖ ነው? በር መታኝ ብለህ ዘጋኸው። በር የመታው ሰው ሁለት ገጽ ሙሉ በግራ እጁ አይጽፍም። ሐኪም አይቶታል? እባክህ በደንብ ንገረኝ።

የመኪናውን ነገር ሰምቻለሁ። ሐምሌ 28 እደርሳለሁ። ሥራው እንዳሰብኩት አላለቀም። የጥብቅ ደኑ አለቃ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሽማግሌ ሰው ነው፣ የገደሉን አሥር ካሬ በዝናቡ ወቅት ድገሚው ብሎኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ያገኘሁትን ብነግርህ አንተም ትገረማለህ። ሁላችንም ጥቅጥቁ ደን ይበልጣል ብለን ነበር። በእሱ ሃያ ሦስት ዓይነት አገኘሁ፣ በወንዙ ዳር አሥራ ሰባት። ጥዱ ሥር ቅጠሉ ኮምጣጣ ነው መሰለኝ አምስት ብቻ፤ አንድ ቀን ሙሉ ተንበርክኬ ባዶ ብልቃጥ ይዤ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የድንጋይ ገደል ግን ሠላሳ አራት! ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ከኖራ ነው፤ ገደሉ ደግሞ ሁለመናው ኖራ። አሥራ ሁለቱ ከገደሉ ስንጥቆች ውጭ የትም የሉም። አንዱ ከአንድ ስንጥቅ ሥር በመዳፍህ የምትሸፍናት ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሦስት ክንድ ራቅ ብትል የለም።

እማማን ሳምልኝ። ሌላ የጠየቅከኝን፣ «እኔስ በየት በኩል ነው ያለሁት?» ያልከውን ማለቴ ነው፣ ስመጣ እንነጋገርበታለን።

እህትህ


ሐምሌ 18

ለእህቴ፣

የስንቅ መኪናው ሾፌር ትናንት ቤት መጣ። አንድ መንገድ ላይ ያረጀን ሰዎች ነን፤ ሻይ አፈላሁለት። እማማ አባታችን መስላት እጁን ይዛ አልለቀው አለች፣ እሱም ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ተያዘ።

ወሬ ወሬን አነሳና «እህትህ ጎበዝ ናት፤ ሳጥኖቿን ካደረስኩላት ሁለት ሳምንት አለፈ» አለኝ።

«የምን ሳጥን?» አልኩት።

«የቀንድ አውጣዎቹን ነዋ! አርባውም ካሬ አልቆ፣ ታሽጎ፣ ተፈርሞ። አለቃው እንዲያውም ምነው አትሄድም ይላል።»

ሻዩን ጠጣሁ። የቤታችንን ጉድ ለምን አወጣለሁ? «አዎ፣ ነግራኛለች» አልኩት።

አልነገርሽኝም። አልቆጣም። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ጉልበቴን ለሌላ ነው የማስቀምጠው። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። አርባው ካሬ ካለቀ በኋላ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ካገኘሽ፣ ደስ ይበልሽ፣ ንገሪኝ። ከታመምሽም ንገሪኝ። እንዲያው እዚህ መምጣት ካስጠላሽም እሱኑ ጻፊው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ቀን የምቆጥረው በውሸት ቀን ከሆነ ግን ከብዶኛል።

ወንድምሽ


ሐምሌ 27

ለጋሼ፣

ሾፌሩ እውነቱን ነው። አርባው ካሬ ያለቀው ሰኔ 28 ነው። ሰኔ 5 የጻፍኩልህ እውነት ነበር፤ ሐምሌ 4 የጻፍኩልህ ውሸት ነው። አለቃው ድገሚው አላለኝም። ልድገመው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሰው አላገኘሁም። አልታመምኩም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ጀምሬ ስቀድ ነበር። በመጋቢት፣ አንተ የዘይቱን ጭነት ይዘህ በሄድክበት ሳምንት፣ እማማን ገላዋን ሳጥባት «ሌባ! ልብሴን መልሺ» ብላ ፊቴን ቧጠጠችኝ። ይህ አዲስ አይደለም፤ ድመት ናት ያልኩህን አስታውስ፣ ድመት የለንም። የዚያን ቀን ግን ፎጣውን ወርውሬ ወጣሁና የመታጠቢያ ቤቱን በር በላይዋ ላይ ቆለፍኩት። አምስት ደቂቃ ልረፍ ብዬ ነው። ከምሳ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆለፍኩባት፣ ጋሼ። በሩን ትደበድብ ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። የስፖርት ዜና ነበር፤ እስካሁን ማን ማንን እንዳሸነፈ አስታውሳለሁ።

ስከፍት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ እርጥቡን ፎጣ ደርባ። ቀና ብላ አየችኝና «ቆየሽ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን እጅ ፈራሁት። ሥራው ሲመጣ የተቀበልኩት ቀንድ አውጣ ወድጄ መስሎህ ነው? ከቤቱ የሚያስወጣኝ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ድንጋይ ቁጠሪ ቢሉኝም እሄድ ነበር። መውደዱ በኋላ ነው የመጣው። አርባው ሲያልቅ ጓዜን ሸከፍኩ። የስንቅ መኪናው መጣ፣ ሾፌሩ በሩን ከፈተልኝ፣ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። «ሳጥኖቹን ብቻ ውሰድልኝ» አልኩት።

አሁን አንድ ሰው «ልቅጣት» ያለ ይመስል የደረሰብኝን ስማ። ሐምሌ 28 እመጣለሁ ያልኩህን ውሸት እውነት ላደርገው ቆርጬ ነበር። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ጓዜን እንደገና ሸከፍኩ። ሐምሌ 25 ጎርፉ ወደ ደኑ የሚያስገባውን ድልድይ ከነምሰሶው ወሰደው። መኪና ከአሁን በኋላ አይመጣም። ጠባቂዎቹ በገመድ ተንጠላጥለው ይሻገራሉ፣ ይህን ወረቀትም እነሱ ናቸው የሚያወጡት፤ እኔን ግን አለቃው «ለነፍስሽ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ቆርቆሮው ላይ የማያባራ ዝናብ። ለመቅረት ሰበብ ስፈልግ ከርሜ፣ ልወጣ ስነሳ በሩ ተዘጋብኝ።

ባለ ተሳቢህ በእኔ ምክንያት ይሄዳል። ይህን እንዴት እንደምክስህ አላውቅም። እማማን በእኔ ስም አትሳምልኝ፤ አይገባኝም።

እህትህ


ነሐሴ 9

ለቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ጊዜ ለእማማ ጮክ ብዬ። አትደንግጪ፤ እስከ ሁለተኛው መስመር ሰማችኝና ትራሷን መቁጠር ጀመረች።

እጅህ ምን ሆኖ ነው ብለሽኝ ዘልዬው ነበር። በር መታኝ ያልኩሽ እውነት ነው፤ በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ሰኔ 14፣ ጠዋት። ቁልፉን አንስቼ ልወጣ ነበር። ወዴትም አይደለም፣ አደባባዩ ድረስ ሄጄ የሚያልፉትን መኪናዎች ልይ ብዬ ነው። እብደት ነው አይደል? ከኋላዬ ተነስታ መጣች። እኔ ከውጭ ሆኜ ስስብ እሷ ከውስጥ ትስባለች። «ልሂድ! አንድ ቀን ልሂድ!» እያልኩ የምጮኸው ለእናቴ ነው። ባለኝ ኃይል ሳብኩት። ጣቶቿ መሀል ሲገቡ አየሁ። ከዚያ ቀኜን ከተትኩ።

ሁለት ጣት ተሰበረ። የእኔ ጣት። የእሷ አልተነካም። ደሜን በነጠላዋ ጠረገችልኝና «ማነው የመታህ፣ ልጄ?» አለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ ልጄ ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋሾዋ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባለ ተሳቢው ሐምሌ 30 ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይገርምሻል፣ ባይሰጠውም ማርሽ የምይዝበት እጅ አልነበረኝም፤ ይህን ሰኔ 20 ስጽፍልሽ አውቅ ነበር። መኪናው እያልኩ ያስቸኮልኩሽ፣ እኔ ራሴ ድረሺልኝ ማለት አፍሬ ነው። አሁን አላፍርም። ድረሺልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሁለት ዓመት ከመንገድ ስመጣ እማማ ታጥባ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ አልጋዋ ተነጥፎ ነበር የማገኛት። «እንዴት ነሽ?» ስልሽ «ደህና» ትይኝ ነበር፣ እኔም አምንሽ ነበር። ማመኑ ይቀለኝ ነበራ። ድመቷንም አመንኩ። ድመት እንደሌለን እኔም እኮ አውቃለሁ።

ስትመጪ አልሄድም። መጀመሪያ ሁለታችንም አንድ ሳምንት አብረን እንሁን፣ ከዚያ በተራ እንገባለን። ልብስ ሰፊዋ በቀን ሁለት ሰዓት የስፌት መኪናዋን እዚህ አምጥታ እየሰፋች ልትጠብቃት ተስማምታለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ለእማማ ተስማምቷታል።

ወንድምሽ


ነሐሴ 18

ለጋሼ፣

በችኮላ ነው፤ ጠባቂው ገመዱ ጋ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

በተራራው ዙሪያ በእግር የሚያስወጣ መንገድ አለ፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። እስከ ዛሬ ጭቃው አያስኬድም ነበር፤ አሁን ዝናቡ ጋብ ብሏል። አለቃው ራሱ አብሮኝ ይወጣል። ነገ ማለዳ እንነሳለን። ልትቀበለኝ እንዳትወጣ፣ እማማን ትተህ።

ሌላ ወሬ። ለማምለጥ ብዬ የደገምኩት የገደሉ ቆጠራ ሦስት ዓይነት አዲስ ቀንድ አውጣ ሰጠኝ። በበጋ ድንጋዩ ውስጥ ጠልቀው ነው የሚከርሙት፣ ቅርፊታቸውን እንኳ አይጥሉልህም። ዝናብ ሲወርድ ብቻ ይወጣሉ። አሁን ገደሉ ሠላሳ ሰባት ሆነ። አለቃው መነጽሩን አውልቆ ዝርዝሩን ሁለቴ አየና «ገደሉ እኮ ከክልላችን ችካል ውጭ ነው» አለኝ። አላውቅም ነበር! ድንጋይ ፈላጮች ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውታል አሉ። አለቃው ችካሉ ይዘዋወር ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሊጽፍ ነው፣ በእኔ ዝርዝር። ይሰሙታል አይሰሙትም አላውቅም። እሱም አያውቅም። ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ስለ ጣቶችህ ያልጻፍኩት ሳልችል ቀርቼ ነው። ሳይህ እነግርሃለሁ።

እህትህ


መስከረም 27
ለጋሼ፣ በጓደኛው መኪና፣ በማደያው በኩል

ከማደያው የላክኸው ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ላንተ ደስ ይበልህ፦ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ጓደኛህ መሪውን ለቅቆልህ መንዳትህን በማንበቤ ብቻዬን ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ፤ እማማም አብራኝ አጨበጨበች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። ጣቶችህ ማርሹን እምቢ ካሉ ግን አታስገድዳቸው፣ ጓደኛህ ይንዳ፣ አንተ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠህ መንገዱን ጥገብ።

ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ እቆልፋለሁ። ማክሰኞ ግን አልቆለፍኩም፣ ይህን ከሰፊዋ ሳትሰማ ከእኔ ስማው። በሩን ትደበድብ ጀመር። ሬዲዮኑ ጋ እስክደርስ ድረስ ሄጄ ነበር። ተመለስኩና በሩን ከፈትኩት። ወጣች። እኔም ጫማዬን ይዤ ከኋላዋ። ግንቡን ተደግፋ፣ ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደች፤ አንድ ጊዜም ወደኋላ አላየችም። ከዚያ ደከማትና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አውቶቡሱ ዘገየ» አለችኝ።

«የት ልትሄጂ ነው፣ እማማ?»

አሰበች። «አንቺ ወደምትሄጂበት» አለችኝ።

ሦስት አውቶቡስ አለፈን። ከዚያ ብርድ ተሰማትና ተመለስን። ያ ብቻ ነው። ሐሙስ ደግሞ እንደገና ቧጠጠችኝ፣ አንገቴ ላይ፤ ሻሽ አድርጌበታለሁ። ድመት አልልህም።

መሥሪያ ቤቱ ብልቃጦቹን እቤት ሆኜ እንድለያቸው ስለፈቀደልኝ ጠረጴዛው በሙሉ ቀንድ አውጣ ሆኗል። አንዱን ብልቃጥ እማማ በመስኮት ወረወረችው። ደግነቱ የጥዱ ነበር፣ ባዶውን ነው። ስለ ችካሉ እስካሁን መልስ የለም። አለቃው በሳምንት አንድ ጊዜ እየጻፈላቸው ነው፣ እኔም በሳምንት አንድ ጊዜ ለእሱ እጽፋለሁ።

በመጨረሻ ስለ መመለሻህ። «ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ነገ ልመለስ» ብለህ ጽፈሃል። እንዳታደርገው። ተራችን አሥር አሥር ቀን ነው ብለናል፣ ዛሬ ስድስተኛው ነው። ከአሥሩ በፊት ብትመጣ በር አልከፍትልህም፤ ሰፊዋም እንዳትከፍትልህ ነግሬያታለሁ። በአሥረኛው ቀን ግን ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ በእግርህም ቢሆን ድረስ። አሥር ቀን እችላታለሁ፤ አሥራ አንደኛውን አላውቀውም።

እህትህ